በገንዘብ የተገዛ እንግልት

በግራንድ ካንየን ውስጥ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሚደረገው የብዙ ቀን የጎማ ጀልባ ጉዞ የሚጀምረው አሪዞና ውስጥ ሊስ ፌሪ ከሚባል ቦታ ነው። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ዳይመንድ ክሪክ 364 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ መንገድ መኪና እስከ ወንዙ ዳር የሚወርድበት ጥርጊያ የለም፣ ከአንዲት ጥግ በቀር ሱቅ የለም፣ የስልክ ኔትወርክ የለም፤ «ወራጅ አለ» ቢባል የሚያቆም ሹፌርም የለም። ሞተር የተገጠመለት ትልቅ ጀልባ መንገዱን በአንድ ሳምንት አካባቢ ይጨርሰዋል። በመቅዘፊያ የሚሄደው ሁለት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

ዋጋው በአብዛኛው አጭሩ ከ3,000 ዶላር በላይ፣ ረጅሙ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው። ተጓዡ በዚህ ገንዘብ የሚገዛው አሸዋ ላይ መተኛትን፣ ወንዝ ወርዶ መታጠብን፣ ጓዝ መሸከምንና ሜዳ መውጣትን ነው። ይህን ሁሉ በነፃ ሲያደርግ ያደገ ሰው ዋጋውን ሲሰማ አንዴ ደግሞ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎቹ ተጓዦች የሚነሡት ከፍላግስታፍ ወይም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስ ነው። ከአየር ማረፊያው ተቀብሎ ሆቴል የሚያደርሰው የታክሲ ሹፌር የአገር ልጅ ከሆነ «ወንድሜ፣ ለዚህ ነው የከፈልከው?» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ መልስ ግን ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ምዝገባው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በፊት ይጀመራል። ወንዙ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፍ ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ድርጅቶች ብቻ ናቸው እንግዳ ይዘው የሚወርዱት፤ አንድ ሰውም ለመዝናናት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲወርድ አይፈቀድለትም። አንዴ ወርዶ የወጣ ሁሉ ወዲያው ልድገመው ይላል ተብሎ የተፈራ ይመስላል። የምዝገባው ቅጽ ዕድሜን፣ ሕመምን፣ የሚወሰድ መድኃኒትንና የማይበላ ምግብን ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለጿሚ ሰው ቁልፍ ነው። ፍልሰታ የሚውለው በነሐሴ፣ ማለትም ጉዞው በሚደራበት ወራት መካከል ነው። በዚያ ቅጽ ላይ «ቪጋን» ብሎ የሞላ ሰው ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ይዘጋጅለታል። ሳይሞላ ሄዶ ሦስተኛው ቀን ላይ «የጾም የለም?» የሚል ግን ድንችና ሰላጣ ሲበላ ይሰነብታል፤ ተመልሶ የሚገዛበት ገበያ የለምና።

ከመነሣት በፊት ለእያንዳንዱ ተጓዥ ውሃ የማያስገቡ ሁለት ትልልቅ ከረጢቶች ይሰጡታል፤ አንዱ ለልብስ፣ ሌላው ለመኝታ። የከረጢቱ አፍ ሦስት አራት ጊዜ ተጠቅልሎ ይቆለፋል። ጠዋት ከታሰረ እስከ ማታ አይፈታም። ቀን ላይ የሚያስፈልገው የፀሐይ ክሬም፣ ኮፍያና የዝናብ ልብስ በትንሽ ከረጢት ለብቻው ይያዛል። የትልቁ ከረጢት ሕግ አንድ ነው፦ የሚፈለገው ዕቃ ምንጊዜም ከሥር ነው። የእጅ ባትሪ ፍለጋ ልብሱን በሙሉ አሸዋ ላይ የዘረገፈ ሰው በማግሥቱ ባትሪውን ከላይ ያደርጋል፤ ያኔ ደግሞ የሚፈለገው ካልሲ ይሆናል።

የልብሱ ነገር ግራ ያጋባል። በሙቀቱ ወራት በካንየኑ ወለል ላይ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ውሃው ግን ከላይ ካለው የግሌን ካንየን ግድብ ሥር ስለሚለቀቅ ለረጅም ዘመን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ኖሯል፤ የግድቡ ሐይቅ በጎደለባቸው በቅርብ ዓመታት ሞቅ ብሏል። ስለዚህ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ በፀሐይ ይጠበሳል፣ ሞገድ ያለብሰዋል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠበሳል። የዝናብ ልብስ ይዛችሁ ኑ የተባለ ሰው በበረሃ ምን ሊያደርግልኝ ነው ብሎ ይስቅና የመጀመሪያው ሞገድ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ሳቁን ያቆማል።

ጀልባዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። በትልቁ የሞተር ጀልባ ላይ የሚቀመጥ ሰው ገመድ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። መካከለኛው አንድ ቀዛፊ ብቻውን በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች የሚነዳው ነው፤ ተጓዦቹ ከፊት ተቀምጠው ይረጠባሉ። ሦስተኛው ሁሉም ተጓዥ አጭር መቅዘፊያ ይዞ በመሪው ትእዛዝ የሚቀዝፍበት ሲሆን፣ ይህን የሚመርጡት ከፍለውም መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ጠንካራ አካል ያለው ዶሪ የተባለ ጀልባም አለ፤ መልኩ ያማረ ነው፣ ቋጥኝ ሲነካው ግን ይሰበራል፤ ቀዛፊውም ከሰው ጋር የሚጣላው በእሱ የተነሣ ነው። ጓዙና ምግቡ በአብዛኛው በዕቃ ጫኝ ጀልባዎች ለብቻው ይሄዳል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የወረደው ጆን ዌስሊ ፓወል ይህ ሁሉ አልነበረውም። በጦርነት አንድ እጁን ያጣው ይህ ሰውና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1869 አሥር ሆነው በአራት የእንጨት ጀልባ ከዋዮሚንግ ተነሡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ከካንየኑ የወጡት ስድስት ሰዎችና ሁለት ጀልባዎች ናቸው። ሦስቱ ጉዞው ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆርጠው በእግር ገደሉን ወጡ፤ እነሱም ተገደሉ። ዱቄታቸው ሻግቶ፣ ሥጋቸው ተበላሽቶ በመጨረሻ ያልጎደለባቸው ቡና ነበር፤ ቡና እያለ ደግሞ ጨርሶ አለቀልን አይባልም። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚሁ ወንዝ ቀዛፊዎች እስከ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። በኮሎራዶ ላይ የሠራው ሪቻርድ ባንግስ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 መጥቶ በአዋሽና በኦሞ ላይ በጎማ ጀልባ ወርዷል፤ ድርጅታቸውንም የአዞ ራስ ባለው በጥንት ግብፃውያን አምላክ በሶቤክ ስም ሰየሙት። ምርጫው ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። በግራንድ ካንየን አዞም ጉማሬም የለም፤ ለዚህ እንኳ ተጨማሪ አለመክፈሉ ያስመሰግናል።

በመጀመሪያው ጠዋት፣ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት፣ የጉዞው መሪ ሁሉንም ሰብስቦ ያስተምራል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ቀበቶ ትንፋሽ እስኪያሳጥር ይጠበቃል፤ ውሃ ላይ እስካሉ ድረስ አይፈታም። ከጀልባው የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ ዘርግቶ፣ የእግር ጣቶቹን ከውሃው በላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ቆሜ ልራመድ ማለት ክልክል ነው፤ እግር በቋጥኞች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ሰውየውን ይደፍቀዋልና። ገመድ ከተወረወረለትም ይይዘዋል እንጂ በእጁ ላይ አይጠመጥመውም። ጀልባው በሞገድ ተገፍቶ በአንድ ጎኑ ሲነሣ «ሃይ ሳይድ!» ተብሎ ይጮኻል። ያኔ ሁሉም ወደ ተነሣው ጎን መወርወር አለበት። የሰው ልጅ ደመ ነፍስ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ጎን ሸሽተህ ተሸጎጥ ነው የሚለው፤ ለዚህ ነው ልምምዱ በደረቅ መሬት ላይ የሚደገመው። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ግን የመቅዘፊያው ጫፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን መያዣ በመዳፍ ሸፍኖ መያዝ ግዴታ ነው፤ ሳይሸፈን የተለቀቀ መያዣ የጎረቤትን የፊት ጥርስ ያወልቃል። በጉዞው ላይ ከወንዙ ይልቅ አጠገብ ከተቀመጠው ወዳጅ መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ሰዓቶች ብዙ ናቸው።

ሰው ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ ነው፦ ለራፒዱ። ራፒድ ወንዙ ተጣቦና ተዳፍቶ በቋጥኝ መካከል አረፋ እየደፈቀ የሚወርድበት ቦታ ነው። በግራንድ ካንየን ያሉት አብዛኞቹ የተፈጠሩት በጎን ሸለቆዎች ሥራ ነው። ድንገተኛ ጎርፍ ከጎን ሸለቆ ቋጥኝና ድንጋይ እያንከባለለ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ይዘረግፋል፤ ወንዙ ከበላዩ ይታቆራል፣ ከዚያ በጠበበው በር በኩል ይወረወራል። ክሪስታል የተባለው ራፒድ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 እንደ ነገሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ የወረደ አንድ ጎርፍ ቀዛፊ ሁሉ የሚፈራው አደረገው። በሌላው ዓለም ራፒድ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ሲሰጠው እዚህ ግን ከ1 እስከ 10 ነው፤ የአካባቢው ሰዎች በወንዛቸው ስለሚኮሩ ስድስት አልበቃቸውም።

ገዢው ሁሉ ልብ ማለት የሚኖርበት አንድ ስሌት አለ። ራፒዶቹ ሁሉ ቢደማመሩ ከወንዙ ርዝመት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም፤ ወንዙ ከሚወርደው ከፍታ ግን ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሆነው የቀረው መንገድ ዝም ያለ ውሃ ነው። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ የሚታየው አፉን ከፍቶ የሚጮኸው ሰው በእውነተኛው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል። ቀዛፊው እየቀዘፈ ስለ ድንጋዩ ያወራል፤ ከታች ያለው ጥቁር የቪሽኑ ዓለት ከ1.7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ሲናገር ተሳፋሪው አንድ ዓይኑን ገልጦ «እ?» ይልና ይከድናል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ከፊት የመጣ እንደሆነ ጀልባው ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል፤ ያኔ ሥራ የሌለው ተሳፋሪም ያፍራል።

አመሻሽ ላይ ከአሸዋማ ዳርቻዎች አንዱ ጋ ይቆማል። ጀልባው አፍንጫው መሬት ሲነካ ለሁለት ቀን ወገቤን ሲሉ የነበሩ አዛውንት ሳይቀሩ ዘለው ይወርዳሉ፤ ጥሩ የመኝታ ቦታ ለቀደመ ነውና። ጥላ ያለው፣ ሜዳ የሆነው፣ ከጎረቤት ማንኮራፋት የራቀው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። አንድ ከረጢት ጥሎ ቦታ መያዝ ሕጋዊ ነው፤ ኮፍያ ብቻ ጥሎ መያዝ አከራካሪ ነው። ቦታው ከተያዘ በኋላ ጓዝ ይራገፋል። ሁሉም በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ከረጢቱን፣ ወንበሩን፣ የምግብ ሳጥኑንና ምድጃውን እጅ ለእጅ እየተቀባበለ ያወጣዋል። ጠዋት ደግሞ በዚያው ረድፍ ተመልሶ ይጫናል። ይህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ለዚህ ሥራ አሰሪው አይከፍልም፣ ሠራተኛው ከፍሏል።

ወጥ ቤቱ የመሪዎቹ ግዛት ነው፤ ምግቡም ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምግብ ሳጥኑ ያለው በረዶ ገና ስላልቀለጠ ዓሣና ጥብስ ሥጋ ይቀርባል፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ቆርቆሮ ይበዛል። በከባድ ብረት ድስት ክዳን ላይ የከሰል ፍም ተደርድሮ ኬክ ይጋገራል። እሳት የሚነደው በብረት ትሪ ላይ ብቻ ነው፤ አመዱም ታሽጎ ይጓዛል። ዕቃ የሚታጠበው በተደረደሩ ባልዲዎች ነው፦ መለቅለቂያ፣ ትኩስ የሳሙና ውሃ፣ ትኩስ ማጥሪያ፣ በመጨረሻም በረኪና ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ። እጣቢው በወንፊት ተጠልሎ ፍርፋሪው ከቆሻሻው ጋር ይታሸጋል። ፍርፋሪ ካደረ ቀይ ጉንዳን ይመጣል፤ ጉንዳኑ የሚቀጥለውን ቡድን ነው የሚነክሰው።

ሌሊቱ ሳይነጋ ከመሪዎቹ አንዱ ቡና ያፈላል። ትልቅ ጀበና መሰል ማሰሮ ውሃ ይፈላና ዱቄቱ በጅምላ ይጨመርበታል፤ ከዚያ እስኪሰክን ይጠበቃል። ማሰሮውን በክንዱ እያዞረ የሚያሰክን ቀዛፊም አለ፤ የቆሙት ሰዎች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ሲደርስ «ኮፊ!» የሚል ጩኸት ሸለቆውን ይሞላዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል የለም፤ ዕጣንም ቄጠማም የለም፤ ቢሆንም አሸዋ የጎዘጎዘው ተፈጥሮ ራሱ ነው።

አሁን የማይቀረው ጉዳይ ላይ ተደርሷል። በዚህ ወንዝ ላይ ሽንት የሚሸናው በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ነው። ይህ የፓርኩ ደንብ ነው። ዝናብ በማይበዛበት በረሃ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚያችው ጥቂት አሸዋ ላይ ቢሸና ዳርቻው ሁሉ ይሸታል፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ለሚፈስ ወንዝ ግን ምኑም አይደለም። ወንዝ ውስጥ መሸናት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ለዚህ አንድ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ከጀልባው ወደ ላይ ሴቶች፣ ወደ ታች ወንዶች እየተባለ ሁሉም ወደ ሸለቆው ግድግዳ አተኩሮ ያያል፤ ስለ ዓለቱ ድንቅነት ከሁሉ በላይ የሚወራው በዚያች ሰዓት ነው።

ሌላው ጉዳይ ወንዙ ውስጥ አይገባም፤ አሸዋም ውስጥ አይቀበርም። ለእሱ የተዘጋጀው የብረት ሳጥን ነው። ድሮ ይህ ሳጥን ለጦር መሣሪያ የተሠራ፣ መቀመጫ የሌለው ነበር፤ የብረቱ ጠርዝ በተቀመጠው ሰው ገላ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ሰንበሮች ይተው ስለነበር እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም ከዚያው ሰንበር የወጣ ነው። አሁን መቀመጫ ተደርጎለታል። መሪዎቹ ሳጥኑን የሚያኖሩት ከካምፑ ራቅ አድርገው፣ ሰው በማያይበት፣ ግን ወንዙ ጥርት ብሎ በሚታይበት ጥግ ነው፤ ከዚያ የተሻለ እይታ ያለው ሽንት ቤት በምድር ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ግድግዳና በር ስለሌለው አሠራሩ በምልክት ነው። መንገዱ ሲጀመር፣ በእግር እየተረገጠ ውሃ ከሚቀዳበት የእጅ መታጠቢያ አጠገብ፣ አንድ መቅዘፊያ ወይም የወረቀቱ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ምልክቱ በቦታው ካለ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ከሌለ ሰው ይዞት ሄዷል። አሠራሩ ፍጹም ነው፤ የሚበላሸው በሰው ነው። አንዱ ምልክቱን እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ረስቶ ይመለሳል። ከኋላው የመጣው ምልክቱን ሲያጣ ሰው አለ ብሎ ይቆማል፤ ሦስተኛው ከእሱ ኋላ ይቆማል፤ አራተኛው ሰላምታ ሰጥቶ ይሰለፋል። አምስት ሰው ፊቱን እያጨፈገገ ባዶ ወንበር ሲጠብቅ ያረፍዳል፤ የረሳው ሰውዬ ደግሞ ሁለተኛውን ቡናውን እየቀዳ «ምን ሆነው ነው የተሰለፉት?» ይላል። ጠዋት ዕቃው ሁሉ ከተጫነ በኋላ የመጨረሻ ጥሪ ይደረጋል። ከዚያ ሳጥኑ በጥብቅ ታሽጎ ጀልባ ላይ ይታሰርና ከቡድኑ ጋር እስከ መጨረሻው ይጓዛል። የትኛው ጀልባ እንደያዘው አለመጠየቅ ይሻላል።

ሌሊት ብዙዎች ድንኳን ሳይተክሉ በታጣፊ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ቀን የተጠበሰው ዓለት ሙቀቱን ሌሊት ይለቀዋል፤ በሰኔና በሐምሌ አንሶላ ወንዝ ውስጥ ነክሮ መልበስ የተለመደ ነው። ጫማ ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ አለ። ልዩ ሐምራዊ ብርሃን ያለው ባትሪ ያበራ ሰው ጊንጦቹ አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ ያያል፤ ካየ በኋላ ግን እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስለዚህ ባትሪውን ላላየ ሰው ማዋስ ጭካኔ ነው። ቁራዎቹ ሌቦች ናቸው፤ የቦርሳ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ።

ከዚህም ሌላ ባሕር በሌለበት አገር ሙላትና ጉድለት አለ። ግድቡ ውሃ የሚለቀው በኤሌክትሪክ ፍላጎት ልክ ነው፤ ከተሞቹ ማቀዝቀዣቸውን ሲከፍቱ ወንዙ ይሞላል፣ ሲዘጉ ይጎድላል። ሙላቱ ወደ ታች ለመጓዝ ሰዓታት ስለሚፈጅበት እያንዳንዱ ካምፕ በየራሱ ሰዓት ይሞላል ወይም ይጎድላል። ማታ ውሃ ላይ የታሰረ ጀልባ ጠዋት ከውሃው በብዙ እርምጃ ርቆ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ቶን የሚመዝነውን ይህን ጭነት መግፋት የሁሉም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ቀዛፊ ሌሊት እየተነሣ ገመዱን ሲነካካ ያድራል።

ሰባት ስምንት ቀን ካለፈ በኋላ አካል መክፈል ይጀምራል። ውሃና ደረቅ አየር እየተፈራረቁ የእጅና የእግር ቆዳን ይሰነጥቁታል። ቀዛፊዎቹ ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ይለጥፉታል። ልጇን ቫዝሊን ሳትቀባ ከቤት የማታስወጣ እናት የሰጠችውን ቆርቆሮ በንቀት ትቶ የሄደ ሰው በዚህ ቀን ያስታውሳታል።

ቀኑ በሙሉ በውሃ ላይ አያልፍም። በየመንገዱ እየወረዱ ይራመዳሉ። ናንኮዊፕ ላይ ጥንታውያን ሰዎች በገደል ላይ የሠሩት ጎተራ አለ፤ እህል ከአይጥና ከጎርፍ የሚያድን ጎተራ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ሳይነገረው ይረዳዋል። የትንሹ ኮሎራዶ ወንዝ ጎርፍ በሌለበት ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ይገባል፤ ለሆፒ ሕዝብ ያ አካባቢ የተቀደሰ ነው። የሃቫሱ ጅረትም እንዲሁ ሰማያዊ ነው። ፋንተም ራንች በካንየኑ ወለል ያለ አሮጌ ማረፊያ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የተባለችው ሱቅ ያለባት ጥግም እሱ ነው። በዚያ ቀዝቃዛ ሎሚናት ይሸጣል። ፖስታ ካርድም ይላካል፤ ደብዳቤው ከሸለቆው የሚወጣው በበቅሎ ተጭኖ ነው፣ በላዩም ይኸው ይታተምበታል። በጠፈር ሳተላይት በሚመካ አገር በበቅሎ የሚሄደው ፖስታ ከሁሉ በላይ ተፈላጊ ሆኗል። ግማሹን ጉዞ ብቻ የገዙ ሰዎች የሚለዋወጡትም እዚሁ ነው፤ አንዱ ወገን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በእግሩ ይወጣል፤ ሌላው በዚያው ይወርዳል። ወራጆቹ ንጹሕ ናቸው፣ ሽቶም ይሸታሉ፤ የቆዩት እንደ እንግዳ ፍጡር ያዩዋቸዋል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም የክረምት ነጎድጓድ አለ። ዝናቡ ሩቅ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ በጠራ ሰማይ ሥር በጠባብ ሸለቆ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ መሪው «እንውጣ» ሲል ፎቶ አንድ ልጨምር አይባልም። ለአደጋ መሪዎቹ የሳተላይት ስልክ ይይዛሉ፤ ክፉ ጉዳት ከደረሰ ሄሊኮፕተር ይጠራል።

ከመነሻው 288 ኪሎ ሜትር ላይ ላቫ ፎልስ የተባለው ራፒድ ይመጣል። ከሩቅ ይሰማል። ጀልባዎቹ ከበላዩ ዳር ይይዙና ቀዛፊዎቹ ብቻቸውን ወጥተው ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቁልቁል ያያሉ። ለቀናት ሲቀልዱ የነበሩት ሰዎች ዝም ይላሉ። አንዱ ጣቱን ወደ አንድ አረፋ ይቀስራል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስተኛው ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ይሸናል፣ ተመልሶ እንደገና ያያል። ተሳፋሪው ይህን ሲያይ ነው ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ የሚገባው፤ የጃኬቱን ቀበቶ ሳይነገረው ያጠብቃል። ተመልሰው ይሳፈራሉ። ጀልባው ለስላሳ ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ አፍንጫው ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉ ነገር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከታች ሲደርሱ ጩኸት፣ እቅፍና ቆጠራ ይሆናል፤ ቆጠራው ይቀድማል። ማታ ያ ግማሽ ደቂቃ ሦስት ሰዓት ይወራለታል፤ ሞገዱም በየትረካው ይጨምራል።

ለመቸኮል የተፈጠሩ ሰዎች በዚህም ወንዝ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግድቡ ሞልቶ ውሃው ሲገነፍል ኬንተን ግሩዋና ሁለት ጓደኞቹ በዶሪ ጀልባ ካንየኑን በሙሉ ከ37 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወርደውታል፤ ክሪስታል ላይም ተገልብጠዋል። ከፋይ ተጓዥ ይህን ሲሰማ ያደንቃል፤ የቀን ሒሳቡን ሲያስበው ግን እሱ የከፈለው ለዘገምተኛው በመሆኑ ያመሰግናል።

በመጨረሻው ምሽት ለመሪዎቹ ጉርሻ በፖስታ ይሰበሰባል። ስንት ይሁን የሚለው ክርክር በሹክሹክታ ነው፤ ከላቫ በሰላም ላወጣ ሰው ተመን ማውጣት ቀላል አይደለም። በማግሥቱ ዳይመንድ ክሪክ ሲደረስ የመጨረሻው ረድፍ ይሠራል፤ ሁሉም ዕቃ ይወጣል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ይጫናል። ቦታው የዋላፓይ ሕዝብ መሬት ስለሆነ ክፍያ አለው። እስከ ፒች ስፕሪንግስ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ከፊሉ ጅረቱ ራሱ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ይታጠባል። የታሸጉት የብረት ሳጥኖች በሌላ መኪና ይሄዳሉ፤ የሚያጥቧቸውም ያው መሪዎቹ ናቸው፤ ጉርሻው ሲሰላ ይህ ቢታሰብ አይከፋም። አውቶቡሱ ወደ ፍላግስታፍ ወይም ወደ ላስ ቬጋስ ይቀጥላል። ሻወር የሚገኘው እዚያ ነው፤ እስከዚያው መስኮቱ ክፍት ይሁን።